ባለ ባትሪ ይሁን ወይስ ያለ ባትሪ? ስለ ክበባችን ቤዝ ጊታር ግዥ

(ይህ ጽሑፍ በተማሪዎች ኅብረት የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ የሆነ የክበቡ አባል ያሰማው ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ ጓደኞች ስለ ጠየቁ እንዳለ አቅርበነዋል።)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ቅኝቶች ወይም ስለ ዘፋኞቻችን ታሪክ ቢሆን ኖሮ፣ ከኔ ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋልና አፌን ባልከፈትሁ ነበር። ጉዳዩ ግን የአንድ ዕቃ ግዥ ነው። በክበባችን ሣጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ አንድ ቤዝ ጊታር ይገዛል፤ ሁለት አይገዛም። እስከ ዛሬ በትውስት ስንጫወትበት የኖርነው ቤዝ ባለቤቱ ዘንድሮ ተመርቆ ሊሄድ ነው፤ ቤዙም ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ ዛሬ የምንመርጠውን መሣሪያ እኛ ብቻ ሳንሆን ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎችም ይወርሱታል። ብንሳሳት የሚያርመን ሌላ ገንዘብ በቅርብ አይገኝም።

እንደምታውቁት ክበቡ በዚህ ነገር ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «አክቲቭ» የሚባለውን፣ በሆዱ ውስጥ ባትሪና ትንሽ ማጉያ ያለውን ቤዝ እንግዛ ይላል። ሁለተኛው ወገን «ፓሲቭ» የሚባለውን፣ ባትሪ የሌለውን ይመርጣል። ክርክሩ ካለፈው ወር ወዲህ እየጋለ ሄዶ፣ ምሳ ቤት ውስጥ እንኳ አብረው የማይቀመጡ ጓደኞች እንዳሉ እሰማለሁ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደ ሆንሁ አልደብቅም፤ ነገር ግን ወደዚያ ወገን ያደረሰኝን ነገር አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ነገሩም የኔው ውርደት ነው።

መሸንቲን የማያውቅ ቢኖር፣ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የተወለድሁባት ስለሆነች ትንሽ ባደላላት ይቅር በሉኝ። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ፣ የአንድ የክበባችን አባል እኅት እዚያ ስትዳር እንድንጫወት ተጠራን። ዳሱ ሰፊ ነበር። ጄኔሬተር ተከራይተዋል፤ ድምፅ ማጉያው ከባሕር ዳር በአይሱዙ ተጭኖ መጥቷል። እኛም ኦርጋን፣ ክራር፣ ከበሮና ያንኑ የትውስት ቤዝ ይዘን ሄድን፤ ቤዙ ባለ ባትሪ ነው። የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የአገሬ ሰው ሁሉ፣ ያስተማሩኝ መምህራን ጭምር፣ እያዩኝ ነበርና ያን ዕለት ሸሚዜን ሁለት ጊዜ እንዳስተኮስሁ አልሸሽግም።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከዳሱ በር ሲደርሱ ጀመርን። የመጀመሪያው ዘፈን ደኅና ሄደ። በሁለተኛው ዘፈን መካከል ግን ቤዙ እንደ በገና ይነዝር ጀመር። በገና ማለቴ ለማመስገን አይደለም። በገና የሚነዝረው በብርኩማውና በአውታሩ መካከል በምትገባው በእንዝራዋ ምክንያት ነው፤ ሠሪው አስቦ ያደረገው ነው፤ ጌጡም እሱ ነው። የኛ ቤዝ ንዝረት ግን የበሽታ ንዝረት ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ተሰባበረ፣ ቀጥሎ ቀጠነ፣ ከዚያ በኋላ ድርግም አለ።

ገመዱን ነቀልሁ፤ መልሼ ሰካሁ። አምፕሊፋየሩን ነካሁት፤ እሱ በሕይወት አለ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝና ላብ አሰመጠኝ፤ የሞተው ባለ 9 ቮልቱ ድንጋይ ነው። አንድ ልጅ ወደ ሱቅ ላክን። ልጁ እየሮጠ ሄዶ፣ እየሮጠ ተመልሶ፣ በሁለት እጁ ሙሉ የራዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ አመጣልን። ሁሉም ክብ ነው። አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ግን በዚያ ሰዓት ከተከፈቱት ሱቆች በአንዱም አልተገኘም። እኔ የኤሌክትሪክ ተማሪው፣ በመለኪያ መሣሪያዬ ውስጥ ልክ የዚያ ዓይነት ድንጋይ አለኝ፤ መለኪያዬ ግን ባሕር ዳር፣ መኝታ ክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሠርጉን ያዳኑት ከበሮና ክራር ናቸው። እስክስታውም አልቆመም። እኔ ግን የማይናገር ጣውላ አቅፌ እስከ ምሽት ቆምሁ። አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ ትልቁ ክራር ምን ነክቶት እንደ ታመመ ሲጠይቁኝ የሰጠሁትን መልስ አሁን አላስታውሰውም።

ጥፋቱ የማን ነው? ባትሪውን የሸጠው ነጋዴ አይደለም፤ ቤዙን የሠራው ፋብሪካም አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ይህን ነገር ባለ ባትሪ ቤዝ የምትወዱ ጓደኞቼም ብታውቁት ይጠቅማችኋልና።

በአብዛኞቹ ባለ ባትሪ ቤዞች ላይ ለብቻው ማብሪያና ማጥፊያ የለም። ማብሪያው የገመዱ መሰኪያ ነው። ገመዱ ሲሰካ የባትሪው መሥመር ይዘጋና ማጉያው ይሠራል፤ ሲነቀል ይጠፋል። ብዙዎቹ ማጉያዎች የሚፈልጉት 1 ሚሊ አምፔር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ደኅና አልካላይን ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ደግሞ ወደ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። 500ን ለ1 ብታካፍሉ 500 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ለሚለማመድ ክበብ ይህ ከሁለት ዓመት በላይ ነው። እንግዲህ ባትሪው ቶሎ ያልቃል እያሉ የሚያስፈራሩ ሰዎች ልክ አይደሉም፤ የኔ ወገን ቢሆኑም ይህን ልነግራቸው ይገባኛል። ነገር ግን 500 ሰዓት ማለት ገመዱ ሳይነቀል ቢቀር ሃያ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። እኔ ከልደት በፊት ተለማምደን ስንለያይ ገመዱን ሳልነቅል ወደ ቤቴ ሄድሁ። እስከ ሠርጉ ዕለት ወደ ሦስት ሳምንት ነበር። ባትሪው በሠርጉ ቀን አልሞተም፤ እኔ ገናን ስበላ እሱ ሲሞት ከረመ።

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ። የቤዝ ጊታር ድምፅ የሚነሣው ፒክአፕ ከሚባለው ዕቃ ነው፤ መኪናውን ማለቴ አይደለም። ፒክአፕ ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ በብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመበት ነገር ነው። ከበላዩ ያለው የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦውም ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ይህንኑ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት እንዲያወጣ የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ እዚያ ውኃው መዘውሩን ያዞራል፤ እዚህ ጣታችሁ ክሩን ይመታል። ባትሪ የሌለው ቤዝ ድምፅ የሚያወጣው ስለዚህ ነው። በራሱ ትንሽ ማመንጫ ነው፤ ዓባዩም የእናንተ ጣት ነው።

ከፒክአፑ በኋላ ባለው መንገድ ላይ፣ ያለ ባትሪው ቤዝ ብዙ ነገር የለውም። ብዙውን ጊዜ 250 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎች፣ 0.047 ማይክሮ ፋራድ የሆነች አንዲት ካፓሲተር፣ ከዚያም የገመዱ መሰኪያ፤ በቃ። የቶኑ ቁልፍ የሚሠራው እንደ ወንፊት ነው፤ ካለው ድምፅ ላይ ቀጭኑን ያስቀራል እንጂ የሌለውን አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ፣ በ1960 የወጣውም የጃዝ ቤዝ እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ዛሬም በዚያው መልክ ይሠራሉ።

ባለ ባትሪው ግን ከፒክአፑ ቀጥሎ ትንሽ ማጉያ አለው። ፈረንጆቹ ፕሪአምፕ ይሉታል። ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ለየብቻው መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም ይችላል፤ ወጡ ከተሠራ በኋላ ቅመም እንደ መጨመር ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከቤዙ የሚወጣውን ምልክት ጉልበተኛ ያደርገዋል፤ ስለዚህኛው ነገር ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ይህን ዓይነት ቤዝ ለብዙ ሰው ያዳረሰው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሙዚክ ማን ስቲንግሬይ ነው። ከዚያ በፊት በካሊፎርኒያ አሌምቢክ የሚባለው ድርጅት ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን የሀብታም ነበር። አንድ ነገር እዚህ ላይ እንዳይምታታብን፤ «አክቲቭ» ተብለው ከሚሸጡት ቤዞች በብዙዎቹ ውስጥ ያሉት ፒክአፖች ራሳቸው ያው ያለ ባትሪዎቹ ናቸው፤ ባትሪውን የሚፈልገው ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ማጉያ ብቻ ነው። ማጉያው በፒክአፑ ውስጥ የተቀበረበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ የኢ ኤም ጂ ፒክአፖች እንዲህ ናቸው። እነዚያ ያለ ባትሪ ከቶ አይናገሩም።

በክርክራችን ውስጥ ሲነገሩ የሰማኋቸውን ሁለት ስሕተቶች ላንሣ። «ባለ ባትሪው ድምፁ ይበልጣል» ይባላል። እርግጥ ነው ይበልጣል፤ ነገር ግን የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ትንሽ ብታዞሩት ልዩነቱ ይጠፋል። ለዚህ ተብሎ ገንዘብ አይወጣም። ሁለተኛው፣ «ባለ ባትሪው አያጉመተምትም» የሚለው ነው። የመብራቱ ጉምጉምታ የሚገባው በፒክአፑ ሽቦ በኩል ነው፤ ከማጉያው በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ማጉያው ዘፈኑንም ጉምጉምታውንም አብሮ ያጎላዋል። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በቤዙ ወፍራም ክር ላይ ሦስተኛው ቤት ደግሞ 49 ገደማ ነው። ሁለቱ አብረው ሲጮኹ የሚሰማውን መንገዋለል የመሬት መሥመር በሌላቸው ቤቶች የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ባትሪ ሳይሆን የፒክአፑ አጠማጠም ነው። ፕሪሲዥን ቤዝ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሽቦው ለሁለት ተከፍሎ፣ የአንዱ ጉምጉምታ የሌላውን እንዲያጠፋ ሆኖ ይጠመጠማል። ጃዝ ቤዝም ሁለቱ ፒክአፖች እኩል ሲከፈቱ እንዲሁ ያደርጋል፤ አንዱን ዝቅ ስታደርጉ ግን ጉምጉምታው ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ለተቃራኒው ወገን ልከራከርለት፤ እውነተኛ ጥንካሬው ያለው እዚህ ላይ ነውና። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጫወተው በራሳችን የቤዝ አምፕሊፋየር አይደለም። በየሠርጉ፣ በየምረቃው፣ የኪራይ ዕቃ ያመጣው ሰው የቤዙን ገመድ ተቀብሎ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካዋል። የሚክሰሩ መግቢያ ለኦርጋንና ለቴፕ የተሠራ ስለሆነ ተቃውሞው ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። የፒክአፑ ሽቦ 8 ኪሎ ኦምና 4 ሄንሪ ነው እንበል። በወፍራሙ ድምፅ ላይ ከመነጨው ኃይል ሚክሰሩ ጋ የሚደርሰው ከግማሽ ጥቂት በለጥ ያለ ነው። በ1000 ሄርትዝ ላይ ግን ሽቦው ራሱ 25 ኪሎ ኦም ያህል ስለሚቃወም የሚደርሰው ሢሶ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ባለው ደግሞ ይብሳል። ውጤቱ ጭቃ የተቀባ፣ ጣት የማይሰማበት ድምፅ ነው። የቤዝ አምፕሊፋየር መግቢያ ግን 1 ሜጋ ኦም ያህል ስለሆነ ምንም አይበላበትም።

ባለ ባትሪው ቤዝ ይህ ችግር የለበትም። ማጉያው ምልክቱን ጉልበተኛ አድርጎ ስለሚያወጣው ሚክሰርም ቢሆን፣ ረጅም ገመድም ቢሆን አይገደውም። ገመድ ስል፣ ይህም ለያለ ባትሪው ቤዝ ቀላል ነገር አይደለም። ገመድ በአንድ ሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ያህል ይይዛል፤ የገመዱ ካፓሲተርነትና የፒክአፑ ሄንሪ ተጣምረው የድምፁን ጥራት ይወስናሉ። በ5 ሜትር ገመድ ድምፁ ጎልቶ የሚያበራበት ቦታ 3200 ሄርትዝ ገደማ ቢሆን፣ በ10 ሜትር ወደ 2400 ይወርዳል። መምህራን ፊት ስለ ቆምሁ ሒሳቡን መሥራት ለሚፈልግ ልጥቀስ፤ ለፒክአፑ የራሱ 100 ፒኮ ፋራድ ጨምሬበታለሁ። ስለዚህ ከእናንተ መካከል «ሠርግ ቤት የሚሰማው ባለ ባትሪው ነው፤ ያለ ባትሪው ይታፈናል» ያላችሁት ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። እኔም ስለዚህ ነገር ለረጅም ጊዜ ከእናንተ ጋር ነበርሁ።

ሐሳቤን የቀየረው ዲ አይ ቦክስ የምትባለው ትንሽ ሣጥን ናት። ይህች ሣጥን በቤዙና በሚክሰሩ መካከል ትገባለች፤ በአንድ በኩል ለፒክአፑ ትልቅ ተቃውሞ ታሳየዋለች፤ በሌላ በኩል ለሚክሰሩ የሚመቸውን ጉልበተኛ ምልክት ትሰጠዋለች። ባለ ኤሌክትሮኒኩ ዓይነት የሚያስፈልገውን ኃይል ከሚክሰሩ ራሱ፣ ለማይክሮፎን ከሚሰጠው 48 ቮልት መውሰድ ይችላል። ልብ በሉ፤ ማጉያው እንግዲህ ከቤዙ ሆድ ወጥቶ ወለል ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ቢበላሽ ሣጥኗን ነቅለን ቤዙን ባለው ነገር ላይ እንሰካለን፤ ድምፁ ጥሩ ባይሆንም አለ። ማጉያው በቤዙ ሆድ ውስጥ ሲሞት ግን፣ መሸንቲ ላይ እንዳያችሁት፣ ቤዙ ራሱ ይሞታል።

«መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እንቆም የለምን? ስለ አንድ ድንጋይ ለምን ይህ ሁሉ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። መልሴ እንዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጄኔሬተሩም እስኪነሣ ሕዝቡ ይታገሣል። ባትሪው ሲሞት ግን የሚያውቀው የለም፤ አንተን ብቻ ነው የሚያዩህ።

ደግሞም ባትሪ ግድ የሚሆንበት ቦታ እንዳለ አልክድም። የክበባችን ክራር የሚሰማው በገበታው ላይ በተለጠፈችው ስስ ፒዬዞ ነው። ፒዬዞ ማግኔትም ሽቦም የለው፤ ተቃውሞው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ከአጠገቡ ማጉያ ካልተደረገለት ወፍራም ድምፁ ሁሉ ይጠፋና እንደ ቆርቆሮ ይንቃጨላል። ለክራርና ለማሲንቆ ባትሪው ምርጫ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ለቤዝ ጊታር ግን ምርጫ ነው፤ የምንጣላውም ምርጫ ስለሆነ ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ፣ ባለ ባትሪ ቤዝ ለማን ይገባል? በአንድ ምሽት አሥር ዓይነት ዘፈን ለሚጫወት፣ ከዘፈን ወደ ዘፈን ድምፁን በቤዙ ላይ መለወጥ ለሚፈልግ፤ በአውራ ጣቱ እየመታ ለሚጫወት፣ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ብርጭቆ እንዲጠራ ለሚወድ፤ አምስተኛ ክር ለጨመረ፣ የዚያ ክር ድምፅ ወደ 31 ሄርትዝ ይወርዳልና፣ ትንሽ እገዛ ለሚሻ። ከሁሉም በላይ ግን፣ መሣሪያው የራሱ ለሆነ ሰው ይገባል። የራሱ የሆነ ሰው ገመዱን ይነቅላል፤ በሣጥኑ ውስጥ ትርፍ ድንጋይ ይይዛል፤ ባትሪውን መቼ እንደ ለወጠ ያውቃል። የኛ ቤዝ ግን የክበብ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት እጅ እንደ ነካው ቆጥሬ ነበር፤ ሰባት ነው። ለሰባት ሰዎች የሆነ ዕቃ፣ ገመዱን የመንቀል ኃላፊነት የማንም አይደለም። የኔን ጥፋት የነገርኋችሁ ለዚህ ነው፤ እኔ ከሰባቱ ይልቅ ስለ ባትሪ ማወቅ የሚገባኝ ሰው ነበርሁ።

ጥገናውም ይታሰብ። ባትሪ የሌለውን ቤዝ ስትከፍቱት የምታዩት አሁን የቆጠርኋቸውን አራት አምስት ዕቃዎች ነው። ቁልፉ ቢንኮሻኮሽ፣ ሽቦው ቢላቀቅ፣ ባሕር ዳር ላይ ያለ ማንኛውም ራዲዮ ጠጋኝ በመበየጃው ባንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ ከእኛ ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ያውቅበታል። የማጉያው ሰሌዳ ቢበላሽ ግን፣ በሬንጅ የተሸፈነ ጥቁር ጡብ የሆነ ብዙ ጊዜ አለ፤ ውስጡ አይታይም፤ ምትኩም ከባሕር ማዶ ይመጣል።

ስለ ድምፁስ? እዚህ ላይ ከሒሳብ ወደ ጆሮ እንሄዳለን። የኛ ዘፈን ከቤዝ የሚፈልገው ምንድን ነው? በበኩሌ የምሰማው እንዲህ ነው። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ውስጥ ቤዙ የሚረግጣቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከከበሮው ወፍራም ምት ጋር ሲገጥም መሬት ይሆናል፤ ከክራሩና ከማሲንቆው ቀጭን ድምፅ ጋር ደግሞ መሻማት የለበትም። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያወጣውን «ኧረ መላ መላ» ደኅና ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ አድምጡ። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ነው። ቤዙ አይጮኽም፤ አይብለጨለጭም፤ ቢወጣ ግን ዘፈኑ ይወድቃል። ያ ሥራ ሲቀረጽ ስቲንግሬይ ገና አልወጣም፤ ባትሪ ያለው ቤዝም በዓለም ገበያ ላይ ብርቅ ነበር። ይህን የምለው የድሮው ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። «ያለ ባትሪ ዘመናዊ ድምፅ አይወጣም» ለሚሉት፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ሙሉ የምንጨፍርበትን ነገር አስታውሳቸዋለሁ።

እንግዲህ ያቀረብሁት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ባለ አራት ክር፣ ፒክአፑ ለሁለት የተከፈለ፣ ያለ ባትሪ ቤዝ እንግዛ። ሱቅ ስንሄድ መጀመሪያ ምንም ነገር ላይ ሳንሰካው እንጫወተው፤ እንጨቱና አንገቱ ደኅና ካልሆነ ምንም ኤሌክትሮኒክ አያድነውም። ከዚያ አንገቱን በዓይን እንይ፤ ቁልፎቹን እያዞርን እንስማ፤ ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ የጀርባውን ክዳን ከፍተን እንይ። ከባለ ባትሪው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ስለሚተርፈን፣ በትርፉ አንዲት ዲ አይ ቦክስና ሁለት ደኅና ባለ 5 ሜትር ገመዶች ይገዙ። ገንዘቡ ባይበቃ የሚቀነሰው ከቤዙ ጌጥ ላይ እንጂ ከሣጥኗ ላይ አይሁን። ያለ ሣጥኗ ያለ ባትሪውን ቤዝ መግዛት፣ አሁን ባስረዳሁት ምክንያት፣ ተቃራኒው ወገን የሚለውን ጭቃ ድምፅ መግዛት ነው።

አብዛኛው አባል ባለ ባትሪውን ቢመርጥ ግን፣ ቢያንስ ባትሪው ሲሞት ማጉያውን ዘልሎ በቀጥታ የሚያጫውት ትንሽ ማዞሪያ ያለው ይሁን፤ እንዲህ ያለ ቤዝ በገበያ አለ። የትውስቱ ቤዝ ይህች ማዞሪያ ቢኖረው ኖሮ እኔም መሸንቲ ላይ ዝም ብዬ ባልቆምሁ ነበር።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እለምናለሁ። የትውስቱን ቤዝ ይዤ መጥቻለሁ፤ አዲስ ድንጋይ አስገብቼበታለሁ፤ ገመዱም ተነቅሏል። ከአጠገቡ ያለው ከአንድ ጓደኛችን ቤተሰብ የተዋስሁት ያለ ባትሪ ቤዝ ነው፤ ዲ አይ ቦክሷንም አግኝቻለሁ። የሁለቱን ድምፅ መጠን አስቀድሜ በመለኪያ አስተካክያለሁ፤ ጆሮ የጮኸውን ሁሉ ይበልጣል ይላልና። መጋረጃውን እንዘጋለን፤ ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ሰው ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ሥራዬን ይቆጣጠር። አንድ ትዝታና አንድ ባቲ፣ በሁለቱም ቤዝ፣ በማታውቁት ቅደም ተከተል እጫወታለሁ። የወደዳችሁትን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ይከፈታል።